የትም ፍጪው

ሸርጃ፣ ሮላ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በተበላሸበት፣
ስምንት ሰው ተደራርቦ ባንድ ክፍል በሚያድርበት፣
ከላይ የምተኛው እኔ ነኝ፣ ከስሬ ሲቲና፤
ኤሲው ሌሊቱን ያጓራል እንደ አሮጌ መኪና።

አንድ ማለዳ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ደገነች፤
«ሲቀዳ ነው ያደረው፣ ስሚ እስቲ ራስሽን» አለች።
መጀመሪያ ኤሲው፣ ቀጥሎ የሆነ ሰው ሳል፣
ከዚያ አንድ ነገር መጣ፣ ድንጋይ በድንጋይ ሲሳል፤
ቂርርጥ... ዝም... ቂርርጥ፣ ወፍጮ ያለ እህል፣
ባዶ መጁን የሚገፋ የተቆጣ ሰው ይመስል።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «ወላሂ አንቺ ነሽ፤
ሦስት ወር ትራስ ጆሮዬ ላይ ጭኜ ቻልኩልሽ።»

«ወስፋት ነው፣ ኮሶ ትጠጣ» አለች ከጥግ ዘቢደር፤
«ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል!» አለች ሌላዋ። ጠበል በዚህ መንደር?
ቀዝቃዛው ቧንቧ እንኳን በሐምሌ በሚፈላበት፣
ዓይነ ጥላም ራሱ ጥላ በሚፈልግበት!

መንጋጋዬ ግን ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤
ጠዋት ዳቦ ሳላምጥ ጆሮ ግንዴን ሲወጥር፣
ፊቴ ድንጋይ ሲሸከም እንዳደረ ሲዝል፣
«የትራሱ ነው» እያልኩ ሳልፈው፣ ሳስመስል።

ዓርብ ከሰዓት ሄድን። ሐኪሟ ሱዳናዊት፤
«መንጋጋሽ ስልሳ ዓመቱ ነው፣ አንቺ ደግሞ ወጣት።
ጫፉ አልቆ ሜዳ ሆኗል፤ ምን ያናድድሻል?»
«ምንም» አልኩ፣ ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው፣ ይስቃል።

ጉንጬን በሁለት ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችና፣
«ይሄኛው ግን አይዋሽም፤ እንደ ቡጢ ጠጥሯልና።
ወስፋትም ጂንም አይደለም፤ ነገር ነው፤ ቀን ትውጫለሽ፣
ማታ እንደ ግመል አውጥተሽ ታመነዥኪያለሽ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል የኛ ሰው፤
ሸርጃ ብቅል የለም፤ እንቅልፍ ነው የሚያወጣው።

ምን ዋጥኩኝ? ብዙም አይደል። «ሓዲር» በቀን መቶ ጊዜ፤
ልጃቸው ለሰበረው ብርጭቆ የተቆረጠ ላብና ወዜ፤
ወንድሜ በድምፅ መልእክት «ባጃጁስ?» ሲል በየሳምንቱ
«እሺ» ያልኩት፣ «እሺ» ያልኩት፣ እሺ ለስንቱ!
«የትም ፍጪው፣ ዱቄቱን አምጪው» ይላል ተረቱ ካገር፤
ዱቄቱ በሐዋላ ይሄዳል፤ ወፍጮው ነው እዚህ የሚያድር።

«ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው ለጉርሻ ብቻ ነው፤
ሌላ ጊዜ ይለያይ፤ በሩን ከንፈር ይጠብቀው።
ልብስ ስትተኩሺ አስቢው፤ ትከሻሽን ወደ ታች ጣይ፤
ማታ በሙቅ ውሃ ፎጣ፤ ከመግሪብ ወዲያ የለም ሻይ።
የላስቲክ ጋሻም አለ፣ በጥርስሽ ልክ የሚሠራ፤
ስድስት መቶ ድርሃም ነው።» መንጋጋዬ ገባ ሥራ።

የዕቁቧን ተራ ሰጠችኝ ሲቲና፣ ሳልጠይቃት፤
«ላንቺ እንዳይመስልሽ» አለች፣ ደረጃው መሐል ደክሟት፤
«ለእንቅልፌ ነው የከፈልኩት፤ የሦስት ወር ዕዳ አለብሽ፣
አንድ ቀን፣ ኢንሻላህ፣ በእንቅልፍ ትከፍዪኛለሽ።»

የመጀመሪያዋን ሌሊት ጋሻዬን ነክሼ ተኛሁ፤
ጠዋት የጥርሴን ፈለግ ላስቲኩ ላይ አገኘሁ።
እኔን ትቶ እሱን በልቷል።
ቁጣዬ የትም አልሄደ፤
ግን ሌላ ግጦሽ ለመደ።

ከሳምንት በኋላ ማዳምን «ብርጭቆውን እኔ አልሰበርኩም» አልኳት።
ዝም አለች። ሃያ ድርሃሟ አልተመለሰችም። ጆሮ ግንዴ ግን ቀለለው ያን ዕለት።

ትናንት ሌሊት ነቃሁ። ኤሲው ቆሟል፤ ድምፅ የለም፤
ምላሴ ላንቃዬ ሥር፣ ጥርሶቼ ተራርቀው፣ ሰላም።
ከዚያ ከታች፣ ከስሬ፣ ከብረት አልጋው ወጣ፤
ቂርርጥ... ዝም... ቂርርጥ።
እጄን አፌ ላይ ሰደድኩ። ጋሻዬ አለ። ከየት መጣ?
የላከችልኝን ቅጂ ከስልኬ ፈልጌ ደግሜ ሰማሁት፤
ሁለት ነበሩ ወፍጮዎቹ፤ አንዱን ብቻ ነው የለየሁት።

አልቀሰቀስኳትም።
ስልኬን ከአልጋዬ ጫፍ ቁልቁል አንጠልጥዬ
ቀይዋን ነጥብ ነካሁ።
ዕዳ አለብኝ፤ ተኚ፣ ሲቲናዬ።